የሦስታችን ብልቃጥ

በሽታ በመጋረጃ የሚከለከል ቢሆን ኖሮ የእኛ የኩላሊት እጥበት ክፍል ከድሬዳዋ አልፎ ለአገር ይተርፍ ነበር። መጋረጃ እንደሆነ አለን። ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት፣ ልኩን ሳይወስድ በችኮላ የቆረጠ ሰው የሰፋው፣ ወለሉ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ የሚጎድለው መጋረጃ። ከጀርባው የመጨረሻው ማሽን አለ፣ ከማሽኑ አጠገብ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው። እኛ ጤነኞቹ፣ ማለትም ኩላሊታችን ከሞተ የቆየን ጤነኞች፣ የምናየው እግሩን ብቻ ነው።

ሰውዬው ከመልካ ጀብዱ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በሶማሊኛው ወግ «አደር» እንለዋለን፣ አጎቴ እንደማለት። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይሠራምና እኔም እዚህ እሱ ብዬ ብጽፍ ከንቀት አይቆጠርብኝ። የናቅኩት በሌላ መንገድ ነው፣ እሱን እነግራችኋለሁ። ደሙ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ አለ፤ ሰፈር ውስጥ የወፍ በሽታ እያልን የምንፈራው። እንዲህ ያለ ሰው ማሽኑ ለብቻው መሆን አለበት ይላል ሕክምናው፣ ልክ ነው፣ አልከራከርም። መጋረጃውን ግን ሕክምናው አላዘዘም። ያዘዝነው እኛ ነን፣ ዓይኑን እንዳናይ።

ለማያውቅ ልንገር። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ደም በአንድ ቱቦ ከክንድ ይወጣል፣ ማሽኑ ያጥበዋል፣ በሌላ ቱቦ ይመልሰዋል። አራት ሰዓት ሙሉ። የእኛ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነው። አንድ ቀን የዘለለ ሰው ሽንት ስለማይወጣው የጠጣው ሁሉ ውስጡ ይቀራል፤ መጀመሪያ እግሩ ያብጣል፣ ቀጥሎ ውሃው ሳንባው ላይ ይወጣና ተኝቶ መተንፈስ ያቅተዋል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እያወቅን ነው ያደረግነውን ያደረግነው።

በመስኮቱ በኩል ጎን ለጎን የምንቀመጥ ሦስት ነበርን። አንዷ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ ያላት ሴት፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ እንኳ በስልክ ከደንበኛ ጋር የምትሟገት። ሁለተኛው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። እሳቸው አንቱ ካልተባሉ መልስ አይሰጡም፤ ፈረንሳይኛ ጣል ካላደረጉ ደግሞ ቀኑ የነጋ አይመስላቸውም። ሦስተኛዋ እኔ። ከትምህርት ቤት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ ባመጣልኝ መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። ሰፈሬ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽሑፌ ያምራል። ይህን ስል አላፍርም ነበር፤ ዛሬ ትንሽ አፍራለሁ።

ደም ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጥ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት አለ። በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል፣ የምናቀርበውም ራሳችን ነን። በዚያ ሰሞን ከከተማው ፋርማሲ ሁሉ ጠፋ። ብልቃጡ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ይበዛል፣ የቀረው ይደፋል። አንድ ቀን ነርሷን ጠርቼ፣

«ሲስተር፣ ይኼ የምትደፊው ለእነዚህ ለሁለቱ አይበቃም?» አልኳት።

«ይበቃል፣ ግን...»

«ግን ምን? እኛ ለብቻችን በልተን አናውቅም!»

የታይዋኗ ሳቀች። «አቦ እውነቷን ነው! ጫቱን ተካፍለን፣ ሻዩን ተካፍለን፣ መድኃኒቱን ለምን ለብቻችን?»

እንዲህ ተጀመረ። በየተራ እየፈለግን አንድ ብልቃጥ እናመጣለን፣ ለሦስት እንካፈላለን። ሌሎቹ ሕመምተኞች ቀኑብን። ንጽሕናውንም ያሰብኩበት እኔው ነኝ፦ ለያንዳንዳችን የየራሳችን ስሪንጅ፣ እንዳይሳሳት ፕላስተር የተለጠፈበት። የእኔ ላይ አንድ መስመር፣ የነጋዴዋ ላይ ሁለት፣ የጡረተኛው ላይ ሦስት። ነርሷ መጀመሪያ ከብልቃጡ ትቀዳና ቱቧችን ውስጥ ትወጋለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያው በየራሳችን ስሪንጅ እንደገና ትቀዳለች። ስሪንጅም እጥረት ነበራ። ሰው ቤት ሄጄ የየራሱ ኩባያ ያለው ቤተሰብ ሳይ የምደሰተውን ያህል ነበር የተደሰትኩት። ማንም የማንንም አይነካም! ሦስታችንም ግን ኩባያችንን የምንነክረው አንድ ማሰሮ ውስጥ እንደሆነ ለማየት አስተማሪ አያስፈልግም ነበር። ዓይን ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ደግሞ ዓይኔ መጋረጃው ላይ ነበር።

ሄፓታይተስ ሲ የሚባለውን ሌላ ቫይረስ የሚለየው መመርመሪያ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ መጣ ተባለና ሁላችንም ደም ሰጠን። ሌላው ሁሉ ነጻ ሆነ። እኛ ሦስታችን፣ የመስኮቱ ሰዎች፣ ሲ ተገኘብን።

የክፍሉ ኃላፊ አንድ በአንድ አስገባን። ወጣት ነው፣ ልጄ ይሆናል፣ ፊት ለፊቱ ቅጽ ዘርግቷል።

«ጥርስ ተነቅለሻል እናቴ?»

«ከማላስታውሰው ዘመን በፊት።»

«ንቅሳት?»

«የለኝም።»

እጄን አየ። የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበርና እስከ ክርኔ ተሞሽሬያለሁ። «ሂና ትቀቢያለሽ።»

«ሂና በመርፌ ነው እንዴ የሚቀባው?»

«እኔ የምጠይቀው ቅጹ ላይ ያለውን ነው» አለና «ሂና፣ አዎ» ብሎ ጻፈ። አሥር ዓመት ተምሮ መጥቶ የአንድን ከተማ ሴት ሁሉ በሂና የሚከስ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ማን እንዳስቀመጠው ይገርመኛል። ስለ ብልቃጡ አልጠየቀኝም፤ ቅጹ ላይ የለማ። ስወጣ ግን አንድ ደግ ነገር ነገረኝ፦ ለሲ ክኒን አለ፣ ሦስት ወር ይዋጣል፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። ቢን ግን ከደም ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ገና የለም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚድነው የእኛ፣ የማይድነው የአደር። ፈሪዎቹ ግን እኛ።

ወንበራችን ላይ ስንመለስ ጡረተኛው ትምህርት ጀመሩ። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁም፤ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲጮህ ያወሩ ሰው ናቸው።

«ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ቫይረስ ያድጋል። መጀመሪያ ኤ ነው። ሲጎለምስ ቢ ይሆናል። ቢ ከሰው ወደ ሰው ሲዘል ሲ ይሆናል። ቮያላ!»

«እና ከማን ዘለለብን ጋሼ?» አለች የታይዋኗ፣ ከማን ለማለት እንደፈለጉ እያወቀች።

እሳቸው በአገጫቸው ወደ መጋረጃው ጠቆሙ። ከሥሩ ሁለት እግሮች ሸበጥ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው ይነቃነቅ ነበር፣ በጆሮ ማዳመጫ የሆነ ዘፈን ይሰማል መሰለኝ። ንግግሩ ሲደርሰው እግሩ ቆመ። አማርኛ ይገባዋል፣ እኛ ነን የማይገባው ያስመሰልነው።

«ማሽኑ ለብቻው ነው እኮ» አልኩ፣ ለሐቅ ያህል።

«አየሩስ?» አሉ ጡረተኛው።

«አየሩስ?» አለች የታይዋኗ። «እኔ ራሴ እሱ የነካውን በር እነካለሁ! አቦ ልጆች አሉኝ። አንቺ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ አይደል? ጻፊያ!»

ጻፍኩ። በግራ ክንዴ ደሜ እየዞረ፣ በቀኝ እጄ ደብተር ጭኔ ላይ አድርጌ። ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም ሞቅ ብሎኝ ነው የጻፍኩት፤ ቃል ቃልን እየጠራ ሲመጣ የሚሰማኝ ደስታ አለ፣ እሱ ተሰማኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀመርኩ፣ «በመካከላችን የሚገኘው የደም ጠንቅ ያለበት ግለሰብ» አልኩ፣ «ከክፍሉ እንዲወገድልን በትሕትና እናመለክታለን» ብዬ ጨረስኩ። ጡረተኛው ሲነበብላቸው «ትሬ ቢየን፣ በጣም ጥሩ» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው አበሱት። ወረቀቱ ከወንበር ወንበር ዞረ፣ ሁሉም ፈረመ። ከመጋረጃው በስተቀር ሁሉም ጋ ደረሰ።

ኃላፊው ማኅተም አሳርፎ ወደ መዝገብ አስገባው። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ሥራ በዚያ ግቢ አይቼ አላውቅም። ለመድኃኒት የጻፍነው ማመልከቻ ስንት ወር መሳቢያ ውስጥ የከረመበት ሰው ይህን በአንድ ቀን ወሰነው፦ ጉዳዩ እስኪጣራ ሰውዬው ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላክ። የትኛው ሌላ ሆስፒታል? ለቢ የተለየ ማሽን ባዶ ሆኖ የሚጠብቅበት ከተማ የት ነው? ይህን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ዓርብ መጣን። ከመጋረጃው ሥር እግር የለም።

«ያ አላህ፣ አየሩ ራሱ ቀለለኝ» አለች የታይዋኗ፣ ደረቷን ነፍታ እየተነፈሰች። አየሩ ያው የድሬ አየር ነበር፣ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማዞር በቀር ምንም የማይሠራበት።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነርሷ ለሁለተኛው ዙር መድኃኒት መጣች። እኔ ከመጋረጃው ሥር የማየው እግር ስላልነበረ እጇን አየሁ። ባለ ሁለት መስመሩን ስሪንጅ ከነጋዴዋ ቱቦ ነቀለች። ስትነቅለው ትንሽ ደም ወደ ኋላ ተሳበ፣ መርፌ ላይ የሚሰካ ክር ያህል፣ ሮዝ። ጥቂት ልትጨምርላት ያንኑ ስሪንጅ ብልቃጡ ላይ ሰካችው። ክሩ ብልቃጡ ውስጥ ገባ፣ ተንሳፈፈ፣ ሟሟ። ከዚያ የእኔን ባለ አንድ መስመር አነሳች።

«ሲስተር፣ ቁሚ።»

«ምነው እናቴ? አመመሽ?»

«አሁን ብልቃጡ ውስጥ የገባው ምንድነው?»

«የቱ?»

«ሮዝ ነገር ገባ። አይቼዋለሁ።»

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ምንም አይታይም፤ እንደ ምንጭ ውሃ ንጹሕ። ግን ፊቷን አየሁ። ሦስት ስሪንጅ፣ ሦስት ክንድ፣ አንድ ብልቃጥ፣ ስንት ማክሰኞ፣ ስንት ዓርብ። እሷም በዚያች ቅጽበት ስታስበው አየኋት።

«ምንም አይደለም» አለች በቀስታ፣ ብልቃጡን ኪሷ ከተተችና ሄደች። ቀሪውን ሰዓት ያለ መድኃኒቱ ጨረስን።

አሁን የጀግና ታሪክ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ። ቤቴ ሄድኩና ዝም አልኩ። ቅዳሜ ዝም፣ እሑድ ዝም፣ ሰኞ ዝም። ስለ ሰፈሩ ውሃ ከንቲባ ፊት ለመናገር የማልፈራው ሴት፣ ስለ ገዛ ብልቃጤ ለመናገር ምላሴ ታሰረ። ምክንያቱም ሐሳቡ የእኔ ነበር። ሰዎቹ «ጎበዝ» ያሉኝ ለሱ ነበር። ሄፓታይተስ ሲን ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከሦስታችን አንዳችን ከየት እንደሆነ ሳናውቅ ይዘነው መጥተን ይሆናል። ያካፈልኩት ግን እኔ ነኝ፣ በየተራ፣ በደስታ። ይህን ከመናገር አንድ ሰው በገዛ ሰውነቱ ውሃ ሰጥሞ ቢቀር የሚቀል መስሎኝ ነበር። በእርግጥ እንዲህ ብዬ በቃል አላሰብኩትም። እንዲህ የሚያስብ ሰው በቃል አያስበውም።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ቆማ ነበር። ዘበኛው እኔን ሲያይ «ያቻትና! ማመልከቻ የምትጽፈው እሷ ናት» አላት።

ሮጣ መጣች። «አዴ፣ በአላህ፣ ጻፊልኝ። አባቴን አባረሩብን። የመልካ ጀብዱ ሾፌር፣ ታውቂው ይሆናል።»

«አውቀዋለሁ።»

«ሐረር ሄድን፣ ቦታ የለም አሉ። ጅጅጋ ደወልን፣ ተራ ያዙ አሉ። ዛሬ ሳምንት ሞላው። ተቀምጦ ነው የሚያድረው፣ ከተኛ ይታፈናል። እግሩ ሸበጥ አልገባ ብሎታል።» እጇን ዘርግታ ውፍረቱን አሳየችኝ። «ሰዎቹ ናቸው ደብዳቤ የጻፉበት። እንዴት ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፍ?»

«እዚሁ ጠብቂኝ» ብዬ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ፣ ሳላንኳኳ።

«ሰውዬው ዛሬ ካልታጠበ ይሞታል። መልሰው።»

«እናቴ፣ የእናንተው ደብዳቤ እኮ ነው። መዝገብ ላይ ገብቷል፣ ማኅተም አርፎበታል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው የጻፍኩት። እሱ ያለበት ቢ ነው፣ የእኛ ሲ ነው። ቢ ሲን አይወልድም፤ ይህን አንተ ከኔ በፊት ማወቅ ነበረብህ። ሲ የተገኘብን ከአንድ ብልቃጥ የተካፈልነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። የተቀዳልንም ደም በነካ ስሪንጅ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። ድምፁ ተለወጠ። «ይህ ነገር ከዚህ ከወጣ ክፍሉን ይዘጉታል። ገባሽ? ያኔ አንድ ሰው አይደለም ሜዳ ላይ የሚወድቀው። ሁላችሁም ናችሁ። አንቺም።»

አስደነገጠኝ፣ አልዋሽም። ክፍሉ ቢዘጋ እኔም ከዚያች ልጅ ጋር በር ላይ ነኝ። ለአፍታ ወደ ወንበሬ ልመለስ አልኩ። በዚያች አፍታ በሩ ተከፈተ፣ ነርሷ ናት። ከውጭ ሆና ስትሰማ ነበር።

«ደም የነካውን ስሪንጅ ብልቃጡ ውስጥ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ብልቃጡን ላብራቶሪ ሰጥቻለሁ። እሱ ይምጣ፣ ማሽኑ ዛሬም ባዶ ነው። እኔ አጥበዋለሁ።»

ኃላፊው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ መዝገቡን አየ። ያለ ወረቀት ግን ትንፋሽም አይወስድም። «የመጀመሪያውን የሚሽር ደብዳቤ ያስፈልገኛል።»

እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቆሜ ጻፍኩት። የሚያምር ቃል አልመጣልኝም። «ብልቃጡን እንድንካፈል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ከእኛ በሽታ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሐሰት ነው።» ፈረምኩና ለሌሎቹ ይዤ ገባሁ።

የታይዋኗ አነበበችና ወረወረችልኝ። «አንቺ ነሻ የበከልሽኝ!»

«አንቺም በክለሽኝ ይሆናል። ፈርሚ።»

«አታፍሪም እኮ አንቺ!»

«አፍሬያለሁ። ፈርሚ፣ የሰውዬው ልጅ በር ላይ ቆማለች።»

ትንሽ ሰደበችኝ፣ በሦስት ቋንቋ፣ ከዚያ ፈረመች። ጡረተኛው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እኔ የፈረምኩትን አልሽርም። ሳ ሱፊ፣ በቃ።»

«ጋሼ፣ ስለ ቫይረስ ዕድገት ግን አሁንም ያስተምሩናል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፣ አንቱ ብያቸውም።

አደር ከቀትር በፊት በባጃጅ መጣ። ልጁና ዘበኛው ደግፈው አስገቡት። ከመጋረጃው ኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳል ሰማን፣ ውሃ ያለበት ሳል። ነርሷ ከጎኑ አልተነሳችም። ስምንት ሰዓት ላይ ሳሉ ቆመ።

ክፍሉ አልተዘጋም። ከዚያ ቀን ወዲህ ብልቃጥ የአንድ ሰው ነው፣ ስሪንጅም አንዴ ሰው ከነካ ቅርጫት ይገባል። ኃላፊው በር ላይ «ንጽሕናችንን እንጠብቅ» የሚል ወረቀት ለጠፈ፣ ሐሳቡ የእሱ ይመስል።

በሚቀጥለው ዓርብ እኔ ቀድሜ ጨረስኩ። ነርሷ መጥታ «ይጠራሻል» አለችኝ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ስንት ወር ሙሉ እግሩን ብቻ ሳይ የከረምኩት ሰው ፊቱ ይህ ነው፤ ክስት ያለ፣ ሽበቱን ሂና የቀባ፣ ዓይኑ የማይሸሽ።

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«ሁለተኛውን ወረቀት ልጄ አንብባልኛለች» አለ። «የመጀመሪያውን አልሰማሁም። አለሽ?»

ረቂቁ ደብተሬ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ወይም ገመተ። «አደር፣ ተወው እባክህ። እግርህ ላይ ልውደቅ፣ ይቅርታ...»

«ይቅርታ ጠይቂኝ አላልኩሽም። አንብቢው ነው ያልኩሽ። ሁለት ሰዓት ይቀረኛል፣ የትም አልሄድም።»

ደብተሩን አወጣሁ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጽሑፌ ያምራል ያልኳችሁ እውነቴን ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ውሃ ይወርዳል። ከመጋረጃው ወዲያ የታይዋኗ ስልኳን ስትዘጋ ሰማሁ። «ከክፍሉ እንዲወገድልን» የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ቆይ። ይኼ አማርኛ ከበደኝ። ይወገድልን ምንድነው?»

የሚያውቀው ይመስለኛል። ግን ጠየቀኝ፣ እኔም መመለስ ነበረብኝ።

«ይጣልልን ማለት ነው» አልኩ። «ከቤት ጠርገው እንደሚያወጡት።»

ማሽኑ ደሙን እያዞረ ነበር። ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሀዬ፣ እሺ» አለ። «ቀጥዪ።»